«ተማሪ» ተብሎ የቀረው ቢራ ጠማቂ

የሪሰርች ሜተድ ኮርስ የወሰደ ሁሉ የስቱደንት ቲ-ቴስት የሚባለውን ያውቀዋል፤ ሌላው ቢቀር ለፈተና ያህል ያውቀዋል። ስሙን ሲያዩ ለተማሪ ተብሎ የቀለለ፣ ዋናው ግን ለመምህራን የተቀመጠ የሚመስላቸው አሉ። ስቱደንት የሰው ስም ነው። በትክክል ለመናገር የብዕር ስም ነው። ባለቤቱ ዊልያም ሲሊ ጎሴት ይባላል። ፕሮፌሰር አልነበረም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርም ሆኖ አያውቅም። የሥራ ዘመኑን በሙሉ ያሳለፈው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነው።

ይህን ሰው የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በኮምፒውተር ላብ ከምንሠራቸው የስታትስቲክስ መልመጃዎች ውስጥ አንድ የተለመደ አለ። ብዙ ቁጥሮች ይሰጡናል፣ እናደባልቃቸዋለን፣ አራት አራት እያደረግን እናወጣለን፣ የእያንዳንዱን አራት አማካይ እናሰላለን፣ ከዚያ እንደገና እናደባልቃለን። እንዲህ እያልን ሺህ ጊዜ። ይሄኔ ከኋላ ወንበር አንድ ጥያቄ አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ቲ-ቴስቱን በአንድ መስመር ትዕዛዝ የሚሠራው ከሆነ ይሄ ሁሉ ማደባለቅ ምን ይረባል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ደግሞ በጎሴት ሕይወት ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ይህን መልመጃ ከሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ያውም ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን፣ በካርቶን ቁራጭ።

ጎሴት የተወለደው ጁን 13 ቀን 1876 በእንግሊዝ አገር፣ ካንተርበሪ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለች ብዬ ነው።) አባቱ በብሪታኒያ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ኮሎኔል ነበር። ልጁም የአባቱን ዱካ ተከትሎ እዚያው ሊገባ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ ደካማ በመሆኑ ሳይሳካለት ቀረ። ዊንቸስተር በተባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ተምሮ ኦክስፎርድ፣ ኒው ኮሌጅ ገባ። ሒሳብና ኬሚስትሪ አጥንቶ በሁለቱም ከፍተኛውን ማዕረግ አግኝቶ ወጣ። በዚያው በተመረቀበት በ1899 ደብሊን ከተማ በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። አየርላንድ ያኔ ገና በብሪታኒያ አገዛዝ ሥር ነበረች።

ለመሆኑ ቢራ ፋብሪካ የኦክስፎርድ ምሩቅ ምን ያደርግለታል? ጊነስ በ1759 የተቋቋመ ሲሆን ጎሴት በተቀጠረበት ዘመን በዓለም ትልቁ ቢራ ፋብሪካ ነበር። ጠመቃ ደግሞ ድሮም የእጅ ሙያ ነው። ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን የብቅሉን መድረስ በጣታቸው፣ የጌሾውን መብቃት በምላሳቸው ያውቃሉ፤ ቁጥር ያስተማራቸው የለም። የደብሊን ጠማቂዎችም እንደዚሁ ነበሩ። ሆፕስ የሚባለውን፣ የእኛን ጌሾ ቦታ የሚይዘውን ተክል፣ በእጃቸው እያሹና እያሸተቱ ነበር የሚመርጡት። አንድ ጋን ጠላ ቢበላሽ ጉዳቱ የአንድ ቤት ነው። ያን የሚያህል ፋብሪካ ሲሳሳት ግን ስህተቱም ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ኩባንያው ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ በሳይንስ የተመረቁ ወጣቶችን መቅጠር ጀመረ። በአፍንጫ ሲታወቅ የኖረውን ነገር በቁጥር እንዲለኩት ነው።

መለካቱ ግን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ከአንድ ዓይነት ብቅል ሁለት ጊዜ ናሙና ወስደህ የሚወጣውን የስኳር መጠን ብትለካ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። አንድ የገብስ ዝርያ በአራት ማሳ ላይ ተዘርቶ አራት የተለያየ ምርት ይሰጣል። ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ? የዚያን ዘመን ስታትስቲክስ መልስ ነበረው፤ ናሙናውን አብዛው፣ ብዙ መቶ አድርገው የሚል ነው። ይህ መልስ ለቢራ ፋብሪካ አይሠራም። ገብስ የሚዘራው በዓመት አንዴ ነው። አንድ ተጨማሪ ልኬት ጊዜና ገንዘብ ነው። ጎሴት በእጁ የነበሩት አራት፣ ስድስት፣ ቢበዛ አሥር ቁጥሮች ነበሩ፤ በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ይህ ገብስ ይገዛ ወይስ ይቅር ብሎ መወሰን ነበረበት።

በ1904 ለአለቆቹ አንድ የውስጥ ሪፖርት ጻፈ። በዚያን ጊዜ የስህተት ሕግ ይባል የነበረውን፣ ዛሬ የኖርማል ኩርባ የምንለውን፣ ለፋብሪካው ሥራ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል የሚያሳይ ነው። ብቅሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ከተለካ የአማካዩ ስህተት ከግማሽ ዲግሪ በታች የመሆን ዕድሉ 4 ለ1 ገደማ ነው፤ አራት ጊዜ ከተለካ ግን 12 ለ1 ይደርሳል እያለ ያሰላል። እንግዲህ አለቆቹ ለስንት ልኬት እንደሚከፍሉ ራሳቸው ይምረጡ ማለት ነው። ሆኖም የኖርማሉ ኩርባ በትንሽ ናሙና ላይ እንደሚያሳስት ጎሴት ተጠራጥሮ ነበር። ምን ያህል እንደሚያሳስት ግን የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ፋብሪካው ከአንድ የሒሳብ ሊቅ ጋር ቢመካከር ይሻላል የሚል ሐሳብም አቀረበ።

የሚማከረው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ተገኘ። ካርል ፒርሰን በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚያስተምር፣ በጊዜው በስታትስቲክስ ዓለም ንጉሥ የነበረ ሰው ነው። በጁላይ 1905 ፒርሰን ለዕረፍት ገጠር ወጥቶ ሳለ ጎሴት ብስክሌቱን እየነዳ ወዳረፈበት ቤት ሄደ። ንግግራቸው ረጅም አልነበረም፤ ግን ጎሴት በዚያ ቀን የተማረው ለወራት ሥራ በቃው። ከዚያም በ1906 ፋብሪካው ደመወዙን እየከፈለ ወደ ፒርሰን ላቦራቶሪ ላከው። በዚያው ዓመት ማርጆሪ ፊልፖትስን አገባ፤ እሷም የእንግሊዝ ሴቶች ሆኪ ቡድን አምበል የነበረች ናት። (ስለ ስታትስቲክስ ባለሙያ በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ ስፖርተኛ ማግኘት ደስ ይላል።)

ለንደን ሳለ መጀመሪያ የጨረሰው ስለ እርሾ ነው። እርሾ ሲያንስ ጠመቃው አይበስልም፣ ሲበዛ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ጠብታ ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሥር አድርገው፣ 400 ጥቃቅን ካሬዎች በተሰመሩበት መስታወት ላይ የእርሾውን ሴሎች ይቆጥሩ ነበር። ጎሴት እንዲህ ያለው ቆጠራ ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ ሠርቶ በ1907 አሳተመ። ዋናው ሥራው ግን በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ነው።

ችግሩን ቀለል አድርጌ ልሞክረው። ከብዙ ሰዎች መካከል አራቱን በዕጣ አውጥተህ ቁመታቸውን ለካህ እንበል። የአራቱ አማካይ ከእውነተኛው አማካይ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለማወቅ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ ማወቅ አለብህ። ይህን ልይይት ደግሞ የምትገምተው ከእነዚያው ከአራቱ ሰዎች ነው። አራቱ በአጋጣሚ ቁመታቸው የተቀራረበ ከሆነ ልይይቱ በጣም ትንሽ መስሎ ይታይሃል፤ አንተም ያለ አግባብ ትተማመናለህ። የድሮው ቀመር ይህን ሁለተኛውን ጥርጣሬ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ናሙናው አምስት መቶ ሲሆን ባይቆጥረውም ችግር የለም። አራት ሲሆን ግን ቀመሩ ሰውየውን ጉድ ያደርገዋል።

ጎሴት ለትንሽ ናሙና የሚሆን አዲስ ኩርባ በሒሳብ ፈለገ፤ አገኘም። የአገኛኘቱ መንገድ ግን ሙሉ አልነበረም። መሐል ላይ አንድ ቦታ በማስረጃ ሳይሆን በጥሩ ግምት ነው የተሻገረው። እሱም ያውቀዋል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ካርዶቹ የሚመጡት።

ባዮሜትሪካ በተባለው በፒርሰን መጽሔት ላይ ማክዶኔል የተባለ ጸሐፊ በእንግሊዝና በዌልስ እስር ቤቶች የነበሩ የ3,000 ወንጀለኞችን የቁመትና የግራ እጅ መሐል ጣት ርዝመት አሳትሞ ነበር። በዚያን ጊዜ ፖሊስ ሰውን የሚለየው በእንዲህ ያለ ልኬት ጭምር ነው። ጎሴት እነዚህን ልኬቶች በ3,000 የካርቶን ቁራጮች ላይ ጻፋቸው። ካርዶቹን በደንብ አደባለቀ፤ አንድ በአንድ እያወጣ መዘገበ። ተከታታዮቹን አራት አራት አድርጎ ሲከፍላቸው 750 ናሙናዎች ሆኑ። የ750ውንም አማካይና መደበኛ ልይይት አንድ በአንድ አሰላ፤ ለቁመቱም ለጣቱም። ሁለት ጊዜ 750 ማለት 1,500 ስሌት ነው። ከዚያ የተገኙትን ቁጥሮች በግምት ካገኘው ኩርባ ጋር አስተያያቸው። ገጠሙ።

እስቲ ይህን በእጅ ሲሠራ አስቡት። እኛ ካልኩሌተር ይዘን የአምስት ቁጥር መደበኛ ልይይት ስናወጣ ስንት ጊዜ እንደምናዛጋ አምላክ ያውቃል። ጎሴት ግን ቀመሩን በወረቀት ላይ አምኖ መቀመጥ ይችል ነበር፤ እጁ ካላየው አላምንም ያለ ይመስል ካርድ ሲያደባልቅ ከረመ።

አሁን ወደ ላባችን ልመለስ። አር የሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። በነጻ ስለሚገኝ በብዙ ቦታ ለማስተማሪያነት ይሠራበታል። የሚገርመው ነገር የጎሴት 3,000 ወንጀለኞች እዚያ ውስጥ ይኖራሉ፤ ፕሮግራሙን የጫነ ሰው ሁሉ ክሪምታብ በሚል ስም ሠንጠረዡን አብሮ ያገኘዋል። ስለዚህ ጎሴት ያደረገውን ማንም ሊደግመው ይችላል። ሠንጠረዡን ወደ 3,000 ቁመቶች ዝርዝር መፍታት፣ ማደባለቅ፣ አራት አራት አድርጎ መክፈል፣ የእያንዳንዱን አማካይና ልይይት ማስላት፤ ከአሥር መስመር ያልበለጠ ኮድ ነው። ኮምፒውተሩ ዓይን እስኪጨፈን ይጨርሰዋል።

ከዚያ ዋናውን ነገር ጠይቁት። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ በድሮው ቀመር፣ ማለትም 1.96 እያባዛችሁ፣ እውነተኛው አማካይ ከዚህ እስከዚህ ነው የሚል ወሰን ሥሩ። መጽሐፉ እንደሚለው ወሰኑ ከ100 ጊዜ 5 ጊዜ ብቻ ነው መሳት ያለበት፤ ከ750 ደግሞ 37 ወይም 38 ጊዜ። በአራት አራት ናሙና ግን ሲቆጠር የሚስተው ወደ 108 አካባቢ ነው፤ እንደ ድብልቁ ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል። ከ100 ውስጥ 14 ወይም 15 መሆኑ ነው። ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። አሁን 1.96ን አጥፍታችሁ የጎሴት ኩርባ ለአራት ሰው ናሙና የሚሰጠውን 3.18 አስገቡ። ስህተቱ ተመልሶ ወደ አምስት ይወርዳል። በአንድ መስመር የሚሠራው የቲ-ቴስት ትዕዛዝ ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞታል፤ ነገር ግን አያሳይም። የሚያሳየው ማደባለቁ ነው። በመጽሐፍ ጀርባ ያለውን ሠንጠረዥ አይቶ ለምን 3.18 ሆነ ብሎ የማይጠይቅ ሰው፣ 108ቱ ሲስቱ በዓይኑ ካየ በኋላ ግን መጠየቁ አይቀርም።

ጽሑፉ በማርች 1908 በባዮሜትሪካ ላይ ወጣ። ደራሲው ስቱደንት ይላል፤ ሌላ ስም የለም። ምክንያቱ ፋብሪካው ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሠራተኛ ባሳተመው ጽሑፍ የፋብሪካው ምስጢር ወጥቷል ተብሎ ኩባንያው ሠራተኞቹ ምንም እንዳያሳትሙ ከልክሎ ነበር። ለጎሴት የተፈቀደለት ስሙን እንዳይጽፍ፣ ስለ ቢራና ስለ ጊነስም እንዳያነሳ በሚል ግዴታ ነው። ተወዳዳሪ ፋብሪካዎች ጊነስ ውስጥ የስታትስቲክስ ባለሙያ እንዳለ ማወቅ አልነበረባቸውም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ለአንዲት አጭር ዜና ስማችን ከላይ ካልተጻፈ ኩርፊያችን ሌላ ነው፤ ይህ ሰው የዕድሜውን ትልቁን ሥራ ያለ ስሙ አወጣው። በኋላ የእሱ ረዳቶች የሆኑትም በብዕር ስም ነበር የሚጽፉት።

ቢራ መጥቀስ ስላልተፈቀደለት ለምሳሌ የሚሆን መረጃ ከሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት። ከሕክምና ምርምር አንድ አገኘ። በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት ሁለት ተመራማሪዎች ለአእምሮ ሕሙማን የተለያዩ የእንቅልፍ መድኃኒቶችን ሰጥተው እያንዳንዱ ሰው ስንት ሰዓት ተጨማሪ እንደተኛ በ1905 አሳትመው ነበር። ጎሴት የአሥር ሰዎችን ውጤት ወሰደ። የመጀመሪያው መድኃኒት በአማካይ 0.75 ሰዓት፣ ሁለተኛው 2.33 ሰዓት ጨምሯል። ይሄ ልዩነት እውነተኛ ነው ወይስ የአጋጣሚ? አሥር ሰው ብቻ ነው ያለው። ጎሴት ግን የየሰውየውን ልዩነት ለየብቻ ተመለከተ። ከአሥሩ ዘጠኙ በሁለተኛው መድኃኒት ይበልጥ ተኝተዋል፤ በአንዱ ላይ ሁለቱ እኩል ሆነዋል። አስልቶም ሁለተኛው የተሻለ የመሆን ዕድሉ 666 ለ1 ገደማ ነው አለ።

ይህም መረጃ አር ውስጥ አለ፤ ስሙ ስሊፕ ነው። ሁለት ጊዜ መሥራት ደስ የሚለው መልመጃ ይህ ነው። መጀመሪያ ሃያዎቹን ቁጥሮች የሃያ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብላችሁ ሁለቱን ቡድኖች ብታወዳድሩ ፒ-ቫልዩው 0.079 ይሆናል፤ በተለመደው የ0.05 መስፈርት ልዩነት አልታየም ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር አጣምራችሁ ብትሠሩት 0.003 ገደማ ይሆናል። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ አንድም አልተነካም። የተለወጠው መረጃው ከማን እንዴት እንደተሰበሰበ ማወቃችሁ ነው። ማነው የነገረህ፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ ብሎ ምንጩን መጠየቅ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ቁጥርንም እንደ ምንጭ መጠየቅ እንደሚቻል ግን በዚህች በአሥር ሰው ምሳሌ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። (ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ጎሴት የመድኃኒቶቹን ስም ሲገለብጥ አሳስቷል፤ ስህተቱም ከእሱ ጽሑፍ ወደ ሌሎች መጻሕፍት እየተቀዳ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። ስሌቱን ሁሉም ደግመውታል፤ ዋናውን ጽሑፍ ገልጦ ያየ ግን ጥቂት ነበር።)

ከታተመ በኋላ ምን ሆነ ቢባል፣ ምንም አልሆነም። ለዓመታት ከፋብሪካው ውጪ የተጠቀመበት ሰው እምብዛም የለም። ፒርሰን ራሱ ጎሴትን ቢወደውም ነገሩን ከቁም ነገር አልጣፈውም፤ እንዲህ ባነሰ ናሙና የሚሠሩት ያልታረሙ ቢራ ጠማቂዎች ብቻ ናቸው ብሎ በደብዳቤ ቀልዶበታል። ለእሱ መቶዎችና ሺዎች ነበሩ ስታትስቲክስ።

በ1912 ሮናልድ ፊሸር የተባለ የኬምብሪጅ ወጣት ተማሪ ለጎሴት ደብዳቤ ጻፈ። ጎሴት በግምት የዘለላትን ቦታ ፊሸር በጂኦሜትሪ ሙሉ በሙሉ አረጋግጦ ልኮለታል። ጎሴት ማረጋገጫውን አየው፤ ብዙ ልኬት ባለው ሕዋ የተሠራ ስለነበረ አልገባውም። አልገባኝም ብሎ ለፒርሰን ላከለት። ፒርሰንም ሳያወጣው ቀረ። ማረጋገጫው በኅትመት የታየው በ1915 ፊሸር ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ነው። በ1920ዎቹ ፊሸር የጎሴትን ቀመር በጥቂቱ ለውጦ ዛሬ በምናውቀው በቲ መልክ አቀረበው፤ በ1925 ባሳተመው የተመራማሪዎች መማሪያ መጽሐፍም ለዓለም አዳረሰው። በዚያው ዓመት የወጣውን አዲሱን ሠንጠረዥ ያሰላው ግን ጎሴት ነው። ቀን ፋብሪካ ውሎ፣ በቀረው ጊዜ በእጅ በሚዞር የሒሳብ ማሽን።

ፒርሰንና ፊሸር በኋላ ዓይንና ናጫ ሆኑ። በስታትስቲክስ ታሪክ የእነሱን ያህል የመረረ ጠብ ጥቂት ነው። ጎሴት የሁለቱም ወዳጅ ሆኖ መኖር ችሏል፤ ለሁለቱም ይጽፋል፣ ሁለቱም ይመልሱለታል። እንዴት እንደቻለበት እኔ እንጃ። ምናልባት ወንበር የሚሻማቸው ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

በሕይወቱ ከጻፋቸው ውስጥ ለጋዜጠኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቲ-ቴስቱ አይመስለኝም። በ1931 ስለ ወተት የጻፈው ነው።

በ1930 በስኮትላንድ፣ ላናርክሻየር አውራጃ አንድ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። ጥያቄው ወተት የትምህርት ቤት ልጆችን እድገት ይጨምራል ወይ የሚል ነው። በ67 ትምህርት ቤቶች 20,000 ልጆች ተሳተፉ። 10,000ዎቹ በየቀኑ 0.4 ሊትር ገደማ ወተት ለአራት ወራት ጠጡ፤ ከእነሱም ግማሾቹ ጥሬ፣ ግማሾቹ ፓስተራይዝድ የሆነ። የቀሩት 10,000 ምንም አልተሰጣቸውም። ሁሉም በፌብሩዋሪ ተመዘኑ፣ በጁን ደግሞ ተመዘኑ። 20,000 ልጅ! ፒርሰን የሚወደው ዓይነት ቁጥር ነው። የትኛውም አርታኢ ይህን ይዞ ለሚመጣ ሪፖርተር የፊት ገጽ ይሰጠዋል።

ጎሴት ግን ልጆቹ እንዴት እንደተመረጡ ጠየቀ። ምርጫው በዕጣ ወይም በፊደል ተራ ነበር፤ ነገር ግን አንደኛው ቡድን የጠገቡ ወይም የተጎዱ ልጆች የበዙበት መስሎ ከታየ መምህራኑ ልጆችን እንዲቀያይሩ ተፈቅዶላቸው ነበር። መምህር ደግሞ ሰው ነው። ከፊቱ ቀጭን፣ የተራበ ልጅ ቆሞ ወተቱን ለጠገበው ለመስጠት ልቡ አይችልም። ስለዚህ ሳይታወቃቸው የደኸዩትን ልጆች ወደ ወተቱ ቡድን አበዟቸው። ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል፤ ወተት ያልተሰጣቸው ልጆች ገና ከመጀመሪያው ከወተት ጠጪዎቹ በቁመትም በክብደትም የወራት እድገት ያህል ይቀድሙ ነበር። ሌላም አለ። ልጆቹ የተመዘኑት ከነልብሳቸው ነው። ፌብሩዋሪ ብርድ ነው፣ ጁን ሙቀት ነው። የሀብታም ልጅ የክረምት ወፍራም ልብሱን በጁን አውልቆ ሲመዘን የቀለለ ይመስላል፤ የድሃው ልጅ ግን ክረምትም በጋም ያው አንድ ልብስ ነው ያለው፣ የሚያወልቀው የለውም። ወተቱ የጨመረውንና ልብሱ የቀነሰውን መለየት የማይቻል ሆነ። በተለይ ጥሬውና ፓስተራይዝዱ ወተት እኩል ናቸው ወይ ለሚለው ሙከራው መልስ ሊሰጥ አልቻለም።

ጎሴት ያቀረበው አማራጭ የሚያስቅ ያህል ትንሽ ነበር። መንትያ ልጆችን፣ ያውም ፍጹም የሚመሳሰሉትን፣ 50 ጥንድ ፈልጉ፤ ለአንዱ ጥሬውን፣ ለሌላው ፓስተራይዝዱን ስጡ፤ ማን ምን እንደሚያገኝ ሳንቲም ወርውራችሁ ወስኑ አለ። በወጪም ቢሆን ከትልቁ ሙከራ መቶኛው ወይም ሃምሳኛው እጅ ይበቃዋል ብሎ ገመተ። 100 ልጆች ከ20,000 ይበልጣሉ ማለቱ ነው። የእንቅልፍ መድኃኒቱን አሥር ሰዎች ያስታወሰ ከየት እንዳመጣው ይገባዋል።

ከወተቱ ሌላ በዘመኑ ሁሉ ያልተለየው ገብስ ነበር። ከአየርላንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ በተለያዩ ማሳዎች ላይ ዝርያዎችን ያወዳድር ነበር። በዚህ ጉዳይ በ1930ዎቹ ከወዳጁ ከፊሸር ጋር ሳይቀር ተከራከረ። ፊሸር የትኛው ዝርያ በየትኛው መደብ ላይ እንደሚዘራ በዕጣ ይወሰን ይላል። ጎሴት ደግሞ የመሬቱ ለምነት ከአንድ ወገን ወደ ሌላው እየቀነሰ እንደሚሄድ እያወቅን ዕጣው አንዱን ዝርያ በሙሉ ለሙ መሬት ላይ ቢጥለው ዝም ብለን ልንቀበል ነው ወይ፤ ይልቅ አመጣጥነን እንደልድለው ባይ ነበር። ክርክሩ ወዳጅነታቸውን አሻከረው። የዘርፉ ሰዎች በኋላ በአብዛኛው የፊሸርን መንገድ ቢከተሉም ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም። እኔ በዚህ ዳኛ ልሆን አልችልም፤ ጎሴት ግን ማሳው ላይ ቆሞ አፈሩን ያየ ሰው እንደነበረ መርሳት ተገቢ አይመስለኝም።

በግል ኑሮው ደብሊን ዳርቻ ላይ ቤትና አትክልት ነበረው፤ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ወልዷል። ዓሣ ማጥመድ፣ አናጢነትና ጀልባ መሥራት ይወድ ነበር። እዚህም ያው እጅ ነው። ለምክር የሚጽፍለትን ሁሉ፣ ገበሬም ይሁን ፕሮፌሰር፣ በደብዳቤ ይመልስለት ነበር፤ ስሌቱን ደግሞ ብዙ ጊዜ በፖስታ ጀርባ ላይ ይሠራዋል።

በ1935 ጊነስ ለንደን ውስጥ ፓርክ ሮያል በተባለ ቦታ አዲስ ፋብሪካ ሲያቋቁም ጎሴት የሳይንሱን ክፍል እንዲመራ ከደብሊን ተዛወረ። በ1937 የጊነስ ዋና ጠማቂ ሆነ፤ በሙያው ከዚያ በላይ የሚወጣበት ደረጃ አልነበረም። ሹመቱን ግን ብዙ አልቆየበትም። ኦክቶበር 16 ቀን 1937 በልብ ሕመም በ61 ዓመቱ ሞተ። ስለ ገብስ ማሳዎች አደላደል ከፊሸር ጋር ሲከራከር የጻፈው የመጨረሻ ጽሑፍ በእጁ ነበር። ጓደኞቹ አዘጋጅተው በ1938 በባዮሜትሪካ ላይ አወጡት። ከርዕሱ ሥር የተጻፈው ያኔም ስቱደንት የሚለው ስም ነው።